ሁለት ንድፍ በአንድ ቁጥር፦ «ለትንሽ ለውጥ ትልቅ ፊርማ» ለተሰኘው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ለትንሽ ለውጥ ትልቅ ፊርማ» የተሰኘው ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። አዳማ ውስጥ በግንባታ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሳያነበው የቀረ አይመስለኝም። ለእኔ ከፎርማን፣ ከሥራ ተቋራጭና ከቀድሞ የክፍል ጓደኛ ደርሶኛል፤ ሁሉም «የልባችንን ተናገረልን» የሚል አክለውበታል። ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል፤ ጸሐፊው ሳይት የዋሉ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ምሬታቸውን እጋራለሁ። ያዘዙትን መድኃኒት ግን አልወስድም፤ ሌላውም ሳያላምጥ እንዳይውጠው ስለሰጋሁ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ሐሳባቸውን በትክክል ላስቀምጥ። አንድ ንድፍ ተፈትሾ፣ ተፈርሞና ማህተም ተመቶበት ከጸደቀ በኋላ የሚመጡ ጥቃቅን ለውጦች ሙሉውን የማጽደቅ መንገድ እንደገና መጓዝ የለባቸውም ይላሉ። ከ5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ የልክ ለውጥ፣ በስፋት ተመጣጣኝ የሆነ የፌሮ ቅያሬ፣ የበርና የቀዳዳ ቦታ መዛወር በሳይት መሐንዲሱ ፊርማ ብቻ ይለፉ ባይ ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ለውጥ የሪቪዥን ቁጥር (ንድፉ ስንተኛ ጊዜ እንደተሻሻለ የሚያሳየውን ቁጥር) መጨመር ወረቀት ከማብዛትና ሠራተኛን ከማደናገር ውጪ ፋይዳ የለውም፤ ልምድ ያለው መሐንዲስ ትንሹን ከትልቁ ለመለየት የተጻፈ መስፈርት አያስፈልገውም፤ የተስተካከለው ፋይል በቴሌግራም ቡድን ከተለቀቀ ሁሉም ያየዋል፤ የቀረው ሥራው ሲያልቅ በሚዘጋጀው፣ በተጨባጭ የተሠራውን በሚያሳየው የአዝ ቢልት ንድፍ ላይ ይሟላል። ከዚህ የጎደለ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ስለ መዘግየቱ አልከራከራቸውም። «መኝታ ቤት» መባል የነበረበት ክፍል በስህተት «ማዕድ ቤት» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ወረቀቱ ንድፉን የሚያጸድቀው አማካሪ መሐንዲስ ቢሮ ሄዶ ፊርማ ሲጠብቅ፣ እዚህ ደግሞ የቀን ሠራተኛው ቁጭ ብሎ፣ የኪራይ ሚክሰሩ ቆሞ ሲቆጥር ማየት ያበሽቃል። ይህንን አሠራር ጥንቃቄ ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ እኔም ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እሟገተዋለሁ። ልዩነታችን የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ እሳቸው መንገዱን ለማሳጠር ሲሉ መዝገቡን ጭምር ይጥሉታል።

5 ሳንቲ ሜትር ከሚለው ልጀምር። አዳማ በኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ክረምት ሲገባ ከዙሪያዋ የሚወርደው ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ ለከተማዋ ሰው አይነገርም። እንግዲህ 20 ሜትር ርዝመት ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ በ0.5 በመቶ ተዳፋት ተነድፏል እንበል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት በጠቅላላው 10 ሳንቲ ሜትር ነው። መውጫው ላይ ያለውን ወለል በ5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ቢያደርጉት ተዳፋቱ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። በጸሐፊው መለኪያ ይህ ትንሽ ለውጥ ስለሆነ በሳይት ፊርማ ያልፋል። ውሃው ግን ፍጥነቱን ያጣል፤ አሸዋውና ደለሉ እዚያው ይተኛል። ፌሮውን ስለሚሸፍነው የአርማታ ሽፋንም እንዲሁ ነው፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሽፋን ባለው ቢም ላይ 5 ሳንቲ ሜትር «ትንሽ» ሊሆን አይችልም።

በተቃራኒው፣ በክፍት ቢሮ ውስጥ ያለ ቀላል መከፋፈያ ግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር ቢገፋ፣ መውጫ መንገድ እስካላጠበበና የመብራት ማብሪያውን እስካልነካ ድረስ፣ አንድ ሰው በግማሽ ሰዓት አይቶ ሊያሳልፈው የሚችል ጉዳይ ነው። የጸሐፊው መለኪያ አደገኛውን አሳልፎ ምንም የማይጎዳውን ያግዳል። መጠየቅ ያለበት ለውጡ ምን ይነካል የሚለው ነው፦ ጥንካሬን፣ የውሃ ፍሰትን፣ መውጫን፣ ወሰንን፣ የሕንፃ ከፍታን፣ ዋጋን፣ የሌላ ሙያ ንድፍን። አንዱንም ካልነካ ትንሽ ነው። አንዱን ከነካ ደግሞ በሚሊ ሜትር ቢለካም ትንሽ አይባልም።

የፌሮ ቅያሬው ጉዳይ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው በጣም የተማመኑት በእሱ ነው። «የ16 ፌሮ ከገበያ ጠፍቶ የ14 ካለ፣ ጠቅላላ የብረቱ ስፋት እስካልቀነሰ ድረስ ምን የሚያስፈርም ነገር አለ?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ምክንያታዊ ይመስላል፤ ስሌቱን አብረን እንየው። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮለን (ምሰሶ) ላይ 8 ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ ተነድፏል፤ የፌሮዎቹ ጠቅላላ የመስቀለኛ ገጽ ስፋት 1,608 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በምትኩ 12 ባለ 14 ቢገባ 1,847 ይሆናል። ብረቱ በ15 በመቶ ገደማ ጨመረ። እንዲያውም ጠነከረ ሊባል ነው።

አሁን ስታፋውን፣ ማለትም ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረውን ብረት፣ እንመልከት። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀበለችው፣ የአውሮፓውን ዩሮኮድ 8 መሠረት ያደረገው የመሬት መንቀጥቀጥ ደረጃ በመካከለኛ ደክቲሊቲ (ሳይሰበሩ የመተጣጠፍ አቅም) ለሚነደፉ ኮለኖች በሁለቱ ጫፎች አካባቢ የስታፋ ርቀትን ይገድባል። ከገደቦቹ አንዱ ርቀቱ ከቋሚው ፌሮ ውፍረት 8 እጥፍ መብለጥ የለበትም የሚል ነው። ለባለ 16 ፌሮ ይህ 128 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ንድፉ ላይ የተጻፈው ስታፋ በየ12.5 ሳንቲ ሜትር ትክክል ነበር። ፌሮው 14 ሲሆን ገደቡ 112 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያው 12.5 አሁን ከደረጃው ውጪ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕንፃው ሲወዛወዝ ቀጭን ፌሮ በሁለት ስታፋዎች መካከል ቶሎ ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ ለዚህም ነው ቀረብ ቀረብ ብሎ መታሰር ያለበት። ብረት ጨምረን ኮለኑን አዳክመነዋል፤ ስፋቱን ብቻ የቆጠረ ሰው ደግሞ ይህ አይታየውም።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለተቀመጠ ከተማ ይህ የመማሪያ ክፍል ጥያቄ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ተሰምቷል።

ቅያሬው ይከልከል እያልኩ አይደለም፤ ገበያውን እኔም አውቀዋለሁ። ነዳፊው ጋር ቢደወል «ይቻላል፣ የጫፎቹን ስታፋ በየ10 ሳንቲ ሜትር አድርጉት» ብሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚመልሰው ነገር ነው። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ግን ጥያቄው ንድፉን ወደ ሠራው ሰው መድረስ አለበት። በጸሐፊው አሠራር ጥያቄው ከሳይት አይወጣም።

እዚህ ላይ «ልምድ ያለው መሐንዲስ መስፈርት አያስፈልገውም» የሚለውም አብሮ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ውስጥ የተንጠለጠሉ ሁለት መሸጋገሪያዎች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞተዋል። በመጀመሪያው ንድፍ አራተኛውና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት መሸጋገሪያዎች ከጣሪያ በሚወርድ አንድ ወጥ ዘንግ ላይ ነበር የሚንጠለጠሉት። ይህን ለመሥራት ግን ዘንጉ በረጅሙ ጥርስ ሊወጣለት ነው፤ አስቸጋሪ ነው። ብረቱን የሚያመርተው ድርጅት ዘንጉን ለሁለት ከፈለው፦ አንዱ ከጣሪያ እስከ አራተኛ ፎቅ፣ ሌላው ከአራተኛ ፎቅ ቢም ተነስቶ ወደ ሁለተኛው። ወረቀት ላይ ሲታይ አንድ መስመር ተቆርጦ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ተዛወረ፤ ሌላ ምንም የለም። ነገር ግን አራተኛው ፎቅ ላይ ያለው ዳዶ ቀድሞ የራሱን መሸጋገሪያ ብቻ ነበር የሚሸከመው፤ ከለውጡ በኋላ የታችኛውም ክብደት ተጨመረበት። ጭነቱ እጥፍ ሆነ። የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ ደረጃው ከሚጠይቀው በታች መሆኑ ሲጨመርበት ውጤቱ የታወቀ ነው።

እዚያ ልምድ ጠፍቶ አልነበረም። ማህተምም አልጠፋም፤ ለውጡን የያዘው ንድፍ የመሐንዲሱን ማህተም ይዞ ነው የወጣው። የጠፋው ይህን ለውጥ ለብቻው አንስቶ «ምን ነካ?» ብሎ ያሰላ ሰው ነው። በኋላም ለውጡ በስልክ ጸድቋል አልጸደቀም በሚለው ላይ አምራቹና መሐንዲሶቹ ሊስማሙ አልቻሉም፤ ስለ ስልኩ ንግግር በጽሑፍ የሰፈረ ነገር አልነበረማ። ኃላፊነቱ የወደቀባቸው ሁለት መሐንዲሶች በሚዙሪ ግዛት የሙያ ፈቃዳቸውን አጥተዋል።

ከአውሮፕላን ሥራ ጋር ማነጻጸር ለአንዳንዱ የተጋነነ ይመስለው ይሆናል፤ ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን ደንብ ክፍል 21 «ጥቃቅን ለውጥ» የሚባል ምድብ አለው፤ ስለዚህ ጸሐፊው ምድቡ ይኑር ማለታቸው ትክክል ነው። ደንቡ ግን ትንሽ ማለት በክብደት፣ በሚዛን፣ በመዋቅር ጥንካሬ፣ በአስተማማኝነትና በመሳሰሉት ላይ ጉልህ ተጽእኖ የሌለው ነው ብሎ ይዘረዝራል። የአውሮፕላን መሐንዲሶች ልምድ የላቸውም ብሎ የሚያምን ሰው ያለ አይመስለኝም። መስፈርቱ የተጻፈው ልምድ ያለው ሰውም ሐሙስ ማታ ሲደክመው፣ ወይም አርማታ ጫኝ መኪናው በር ላይ ቆሞ ሲጮህበት፣ የሚመኘውን መልስ ለራሱ ስለሚሰጥ ነው። ለዚህም ነው ለውጡን የጠየቀው ሰው ራሱ «ትንሽ ነው» ብሎ መወሰን የሌለበት።

ወደ ሪቪዥን ቁጥሩ ልምጣ፤ ከጽሑፉ ሁሉ አጥብቄ የምቃወመው ይህንን ነው። አዳማ ውስጥ ከፍራንኮ ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ ጂ+4 ሕንፃ ላይ የሆነውን ላንሳ። የመታጠቢያ ቤቱ የቧንቧ ማሳለፊያ ቀዳዳ በ25 ሳንቲ ሜትር እንዲዛወር ተወሰነ። ውሳኔው ጥሩ ነበር፤ በነበረበት ቢቀር የበሩ አከፋፈት ከእጅ መታጠቢያው ጋር ይጋጭ ነበር። ፋይሉ ተስተካክሎ፣ ልክ ጸሐፊው እንደሚመክሩት፣ በዚያው ቁጥር ተላከ። አናጺዎቹ እጅ የነበረው ቀድሞ የታተመው ወረቀት ነው፤ የሳኒተሪ ሠራተኞቹ ደግሞ አዲሱን አሳትመዋል። ሶሌታው (የወለሉ አርማታ) ቀዳዳውን በአሮጌው ቦታ ይዞ ተሞላ። ቧንቧው ከታች በአዲሱ ቦታ ተሰቅሎ ጠበቀ። አንድ ወጣት ሠራተኛ መሮና መዶሻ ይዞ በአዲሱ ቦታ ሶሌታውን መብሳት ጀመረ፤ ፎርማኑ ደርሶ ሲያስቆመው ሁለት ፌሮ ተቆርጧል። «ጋሼ፣ ወረቀቱ እዚህ ጋር ነው የሚለው» አለ ልጁ። ፎርማኑ ሁለቱን ወረቀቶች አሸዋው ላይ ዘርግቶ ጠርዛቸውን በድንጋይ ያዛቸው፤ የአዳማ ነፋስ ወረቀት አያስቀምጥም። በሁለቱም ቀኝ ታችኛ ጥግ ላይ ያለው ሳጥን አንድ ነው፦ ያው የሉህ ቁጥር፣ ያው ሪቪዥን 1፣ ያው ቀን፣ ያው ማህተም። «ኢንጂነር፣ የትኛውን ልመን?» ሲለኝ የሚመለስ መልስ አልነበረም። ልጁም አናጺዎቹም የጸደቀ ንድፍ ነው የተከተሉት።

ቁጥሩ ወደ 2 ቢቀየር ኖሮ ፎርማኑ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ባየ ቅጽበት፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ አሮጌውን ያውቀው ነበር። የሪቪዥን ቁጥር ሥራው ይህ ብቻ ነው። ቁጥሩ ለውጡ ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ አይልም፤ «ይህ ወረቀት ያኛው አይደለም» ብቻ ነው የሚለው። የአሜሪካው የንድፍ ማሻሻያ ደረጃ ለሪቪዥን ፊደላት ሲጠቀም አይ እና ኦ የተባሉትን የላቲን ፊደላት ይዘላል፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ። አንዱ ወረቀት በሌላው እንዳይሳሳት እስከዚህ ድረስ የሚጨነቅ ሙያ ውስጥ ሆነን ሁለት የተለያዩ ወረቀቶችን በፈቃዳችን አንድ ስም ልንሰጥ ነው?

ቁጥሩ ሲበዛ ሰው ይደናገራል ለሚለው ግን ግማሽ እውነት እሰጣቸዋለሁ። ሪቪዥን 7 የደረሰ ሉህ ላይ ለውጡን ለማሳየት የሚከቡት ከ1 እስከ 7 ያሉት የደመና ቅርጽ መስመሮች ሁሉ ሳይጠፉ ሲከማቹ የቱ አዲስ እንደሆነ አይለይም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ደመናው የመጨረሻውን ለውጥ ብቻ ይክበብ፤ የቀድሞዎቹ ይጥፉ፤ ጥጉ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ግን ሁሉንም በቀንና በአንድ መስመር መግለጫ ይያዝ። የሳይት ቢሮው ግድግዳ ላይ ደግሞ የእያንዳንዱ ሉህ የወቅቱ ቁጥር የሰፈረበት አንድ ዝርዝር ይለጠፍ። ለጥቃቅኑ ሲባል ሙሉ ቁጥር መጨመር የሚከብድ ከሆነ 1.1 ይባል፤ በዚህ አልጣላም። ብቻ ቁጥሩ ሳይነካ አይለፍ።

ቴሌግራሙ ብዙ አያከራክርም። መልእክት ወረቀት ላይ የታተመውን አይቀይርም፤ ፎርማኑ ኪስ ውስጥ ያለው ቅጂ ኔትወርክ የለውም። በፎቶ የተላከ ንድፍ ደግሞ ሲጨመቅ 6 እና 8 አይለዩም፤ ይህ ስለ ፌሮ ውፍረት ስናወራ ቀላል ነገር አይደለም። በፍጥነት ለማሳወቅ ይጠቅማል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። አሮጌውን ወረቀት ግን ሰው ሄዶ ሰብስቦ «የተሻረ» የሚል ማህተም ሊመታበት ይገባል።

አዝ ቢልትን በተመለከተ ጸሐፊው ሁለት ነገር አምታተዋል። አዝ ቢልት የተሠራውን ይመዘግባል፤ ሊሠራ የታሰበውን አይፈትሽም። ከላይ ያየነው ኮለን አዝ ቢልቱ ላይ «12 ባለ 14፣ ስታፋ በየ12.5» ተብሎ በሐቀኝነት ይሰፍር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን አርማታው ከደረቀ ቆይቷል። በዚያ ላይ በየወሩ የሚቀርበው የክፍያ ልክ የሚሠራው በወቅቱ ባለው ንድፍ ላይ ነው። ቁጥሩ ያልተቀየረ ንድፍ ሲመጣ የሥራ ተቋራጩ የተጨመረውን ብረት በምን ማስረጃ ያስከፍላል? በ«ትንሽ ለውጥ» አሠራር መጀመሪያ ኪሱ የሚጎዳው ጽሑፉን እያጨበጨበ የላከልኝ ተቋራጭ ራሱ ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ጉዳይም አለ።  ፕላኑ ላይ ያለው ማህተም የአማካሪው ብቻ አይደለም፣ ፈቃድ የሰጠው የከተማው አካልም ነው። ከፍታን፣ ወሰንን ወይም አገልግሎትን የሚነካ ለውጥ በሳይት መሐንዲስ ፊርማ ሊያልፍ አይችልም፤ የፈቃድ ሰጪው ማህተም የእሱ አይደለምና።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፈጣን መንገድ የለም የሚለው ራሱ ሙሉ እውነት አይደለም። በአገራችን አንዳንድ ትልልቅ ፕሮጀክቶች የሚሠራበት፣ እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ የተባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ሞዴል በአንቀጽ 3.3 መሐንዲሱ በቃል ትእዛዝ ቢሰጥ ተቋራጩ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ያረጋግጥ ይላል፤ መሐንዲሱ ማረጋገጫው በደረሰው በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ያ ማረጋገጫ እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ ይቆጠራል። ከሳምንታት ጥበቃ ጋር ሲነጻጸር አራት የሥራ ቀን ምንድን ነው? ይህን አንቀጽ ስንቱ ተቋራጭ ይጠቀምበታል? ብዙዎቹ ውሉን የሚከፍቱት ክርክር ሲነሳ ነው።

ከዚህ ሌላ ሙሉውን ኤ1 ሉህ ደግሞ ማሳተም ግድ አይደለም። ለውጡ ብቻ በአንዲት ኤ4 ወረቀት ተነድፎ፣ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የትኛውን ሉህ የትኛውን ሪቪዥን እንደሚያሻሽል ተጽፎበት ሊወጣ ይችላል፤ ዋናው ሉህ በሚቀጥለው እትም ላይ ያካትተዋል። የክፍል ስም ስህተት ከሆነ አንድ መሐንዲስ በዚያው ዕለት ይፈርምበት። አንድን ሙያ ብቻ የሚነካ ከሆነ የዚያ ሙያ ነዳፊ ብቻ ይየው፤ የኤሌክትሪክ ሶኬት ቦታ ለመቀየር የመዋቅር መሐንዲሱን ፊርማ መጠበቅ የለብንም። ጥንካሬን፣ መውጫን፣ ዋጋን የሚነካው ግን ሙሉ መንገዱን ይሂድ፤ የዚያን ቀን ሚክሰሩ ይቁም።

ጸሐፊው ለተቋራጮችና ለአማካሪዎች ያላቸው ተሰሚነት ከእኔ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃቸው፦ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው የአማካሪ ውሎች ላይ ለጥቃቅን ለውጦች የምላሽ ጊዜ በሰዓት ተወስኖ እንዲገባ፣ ባይከበር ደግሞ መዘግየቱ በአማካሪው እንዲቆጠር ይሟገቱልን። ለዚያ ጽሑፍ ምላሽ ሳይሆን ፊርማዬን ነው የምልክላቸው፤ ቀንና ቁጥር ያለበት።